ሰባት አሮጌ የስሎት ካር ሞተሮች፦ የጥገና ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፦ ካርቶኑ

ቅዳሜ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)፣ አንድ ቤት ደጅ ላይ ከተዘረጋ አሮጌ ዕቃ መሀል በ85 ዶላር ገዛሁት። የጫማ ካርቶን ነው። ውስጡ ሰባት ሞተር አለ፦ ሁለት ማቡቺ 36ዲ፣ አንድ ማቡቺ 16ዲ፣ አንድ ፒትማን ዲሲ 65፣ ሦስት ኦሮራ ተንደርጄት ከነሻሲያቸው። ከታች ደግሞ አንድ ሰው ከብራስ ቱቦ በእጁ በይዶ የሠራው ሻሲ አለ፤ ጎማው ደርቆ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። ሁሉም የ1960ዎቹ ዕቃ ነው (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)።

ለማያውቀው ሰው፦ ስሎት ካር ትራኩ ላይ በተቆረጠ ቦይ እየተመራ የሚሮጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ከቦዩ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት መስመር ተዘርግቷል፤ መኪናው ከሆዱ ሥር ባለው የመዳብ ጥልፍ ኃይሉን ከዚያ ይወስዳል። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ልክ እንደ ቦውሊንግ ቤት እየተከፈለ የሚጫወቱበት ትልልቅ ትራክ ነበር። ማቡቺ የጃፓን ነው፤ ፒትማን ፔንስልቬንያ ሴለርስቪል፣ ኦሮራ ደግሞ ኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ይሠሩ ነበር።

የምፈልገው ሞተሮቹን ማፍጠን አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጡ ወደነበሩበት መመለስ ነው።

መርካቶ አጎቴ የሞተር ሽቦ የሚጠቀልል ባለሙያ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እሱ ጋ እየሄድኩ የሽቦውን ዙር እቆጥርለት ነበር። እሱ የሚጠቀልለው የውኃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ነው፤ የእኔው ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ሥራው ግን ያው ነው። መሣሪያዬ ቴስተር፣ አምፒር የሚገድብ ፓወር ሰፕላይ፣ 25 ዋት ካውያ፣ ትንሽ ሞርሳ፣ ማይክሮሜትር፣ ፒንሳ እና የሰዓት ሠሪ ካቻቢቴ ነው።

በፒትማኑ ጀመርኩ፤ አካሉ ክፍት ስለሆነ ሁሉ ነገር ከውጭ ይታያል። 12 ቮልት ስሰጠው ዞረ፤ እየተንቀጠቀጠና እየፈነጠረ 0.35 አምፒር ወሰደ። ፈታሁት። አርማቸሩን (ሦስት የሽቦ ጥቅል ያለበትን የሚዞረውን ክፍል) አውጥቼ ኮሙቴተሩን (ካርቦኖቹ እየነኩት ኃይል ወደ ጥቅሎቹ የሚያስተላልፈውን በቁርጥራጭ የተከፋፈለ መዳብ) አጸዳሁ፣ በቁርጥራጮቹ መካከል የተጠቀጠቀውን የካርቦን ትቢያ በምላጭ ጫፍ ጠረግሁ፣ ቡሺንጎቹን (ሻፍቱ የሚዞርባቸውን ቀለበቶች) አጥቤ ዘይት አደረግሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። አሁን ድምፁ ቀጠነ፤ ከበፊቱ በግልጽ ፈጠነ። ደስ ብሎኝ አደርኩ።

2ኛ ሳምንት፦ 16ዲው

ይህ ሞተር አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ በጣት ካልተገፋ አይነሳም፤ ሲዞርም ብልጭታው ብዙ ነው። ከመክፈቴ በፊት ለካሁት።

እንዲህ ያለውን ሞተር በቴስተር ኦም ብቻ መለካት አያዋጣም፤ የቴስተሩ ገመድ ራሱ ሩብ ኦም ይበላል። የማደርገው እንዲህ ነው፦ ፓወር ሰፕላዩን 0.5 አምፒር ላይ እገድበዋለሁ፣ በሁለት የኮሙቴተር ቁርጥራጮች ላይ አሳልፈዋለሁ፣ ከዚያ ቮልቱን እዚያው ቁርጥራጮቹ ላይ በሌላ ጫፍ አነባለሁ። ያገኘሁትን ቮልት ለ0.5 ሳካፍል ትክክለኛው ኦም ይወጣል።

ሦስቱ ንባቦች፦ 2.6፣ 2.6፣ 5.1።

ይህ ቁጥር ሳይከፈት በሽታውን ተናገረ። ሦስቱ ጥቅሎች በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ነው የተያያዙት። አንዱ ከተበጠሰ ሁለቱ ንባቦች የአንድ የአንድ ጥቅል ይሆናሉ፣ ሦስተኛው የሁለት ጥቅል ድምር ይሆናል፤ እጥፍ ማለት ነው። ስከፍተው በእርግጥም አንዱ ሽቦ ከኮሙቴተሩ ጆሮ (ሽቦው ከሚታሰርበት ጫፍ) ሥር ተቆርጧል። ጫፉን ስቤ ቫርኒሹን በምላጭ ፋቅሁ፣ በስታኞ አያያዝኩ። አዲሱ ንባብ 1.73፣ 1.73፣ 1.72።

ስህተቴ ኮሙቴተሩ ላይ ነበር። እጄ ላይ የነበረውን 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጠቀምኩ። ለዓይን ንጹሕ ይመስላል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን መዳቡ እንደታረሰ መሬት ሆኗል። ይህ ጭረት አዲሱን ካርቦን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በ1500 ከዚያም በ2000 ቁጥር መልሼ አለሰለስኩት። መዳቡ ስስ ስለሆነ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ስህተት አይችልም።

3ኛ ሳምንት፦ የፒትማኑ መጥፎ ዜና

ፒትማኑን በብራስ ሻሲው ላይ አሰርኩት። የቀዳዳዎቹ ርቀት ልክ መጣ፤ ሻሲው የተሠራው ለእሱ ነው ማለት ነው። አዲስ ጎማ በ12 ዶላር ገዛሁና ከቤቴ አርባ ደቂቃ ወደሚርቅ ትራክ ይዤው ሄድኩ።

መኪናው ከቆመበት መነሳት አቃተው። ቀጥ ባለው መንገድ ቀስ በቀስ ፍጥነት ያገኛል፣ ከመታጠፊያ ሲወጣ ግን ይሞታል። ከስድስት ዙር በኋላ ሞተሩ በእጅ አይነካም። ጠረጴዛ ላይ ግን ያለ ጭነት ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጣን ነበር!

እዚያ ትራክ ላይ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚጫወቱ አንድ አዛውንት አሉ። ሞተሩን አየት አደረጉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ አርማቸሩን ስታወጣ በማግኔቱ ጫፎች መካከል ብረት አስገብተህ ነበር? አላስገባሁም።

የፒትማኑ ማግኔት አልኒኮ ነው፤ አልሙኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት ከብረት ጋር የተቀላቀለበት። ይህ ዓይነቱ ማግኔት ጉልበቱን የሚጠብቀው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በብረት የሚሻገርበት መንገድ ሲኖረው ነው፤ ያ መንገድ አርማቸሩ ነው። አርማቸሩ ሲወጣ መንገዱ ይከፈትና ማግኔቱ ራሱን በራሱ ያዳክማል፤ አርማቸሩ ሲመለስ ግን ጉልበቱ አብሮ አይመለስም። ማግኔቱ የደከመ ሞተር ደግሞ ያለ ጭነት ይፈጥናል፤ የሚመጣበትን ቮልት የሚመክት የራሱን ቮልት ለማመንጨት ብዙ መዞር አለበትና። አምፒሩ ይጨምራል፣ የመጎተት ኃይሉ ይወድቃል፣ ይግላል። ማታ ቤት ገብቼ ስለካው ያለ ጭነት 0.5 አምፒር ወሰደ። በመጀመሪያው ሳምንት ደስ ያሰኘኝ ያ ቀጭን ድምፅ የማግኔቱ መድከም ድምፅ ነበር።

ከፍጥነት ሌላ መለኪያ እንደሚያስፈልገኝ ገባኝ። ከቀጭን አልሙኒየም አምስት ሴንቲ ሜትር ክንድ ቆርጬ ሻፍቱ ላይ አሰርኩ፤ የክንዱ ጫፍ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ላይ ያርፋል። 3 ቮልት ለሁለት ሰከንድ ብቻ እሰጥና የሚጫነውን ግራም አነባለሁ። ፒትማኑ 7 ግራም ሰጠ። ከመፍታቴ በፊት ስንት ይሰጥ እንደነበር አልለካሁትም። ከዚህ በኋላ የትኛውም ሞተር ኦሙ፣ አምፒሩና ግራሙ ሳይጻፍ አይፈታም።

4ኛ ሳምንት፦ ሁለቱ 36ዲዎች

አንደኛው ያልተነካ ነው። ንባቡ 1.88፣ 1.90፣ 1.87፤ በክንዱ 19 ግራም። የማቡቺዎቹ ማግኔት ፌራይት (የሴራሚክ ዓይነት) ስለሆነ አርማቸር በማውጣት አይደክምም። ከፍቼ አጽድቼ ዘጋሁት።

ሁለተኛው በአንድ ሰው እጅ እንደገና ተጠቅልሏል። ያኔ ብዙ ልጆች እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ የፋብሪካውን ቀጭን ሽቦ አውጥቶ በወፍራም ሽቦ ጥቂት ዙር ማድረግ ሞተሩን ያፈጥነዋል፣ ብዙ አምፒርም ያስበላዋል። ንባቡ 0.44፣ 0.44፣ 0.31። አንዱ ጥቅል ውስጥ ሾርት አለ። ሌሎቹ ሁለት ጥቅሎች ጤነኛ ቢሆኑም እያንዳንዱ ንባብ በሁሉም በኩል ስለሚያልፍ የታመመው ሦስቱንም ይጎትታል።

ፈታሁት፤ ዙሩን እየቆጠርኩ። 60፣ 60፣ 57። ሽቦው 0.29 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በአሜሪካኖቹ የሽቦ መለኪያ ቁጥር 29። ሦስተኛው ፖል (ሽቦው የሚጠቀለልበት የአርማቸሩ የብረት እግር) ላይ ሽቦው ተላልፏል፣ ቫርኒሹ ጠቁሯል። ከስልሳ ዓመት በፊት የጠቀለለው ልጅ ሃምሳ ሰባት ላይ ቦታ አልቆበት ይሆናል። ንጹሑን አንዱን ጥቅል ዘርግቼ ስለካው 2.7 ሜትር መጣ፤ አንድ ዙር በአማካይ 45 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

ከዚህ ወዲያ ስሌት ነው። ዒላማዬ የወንድሙ ንባብ፣ 1.88። በሦስት ማዕዘን አያያዝ የአንዱ ጥቅል ኦም የንባቡ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ 2.82። የቁጥር 32 ሽቦ (0.20 ሚሊ ሜትር) በሜትር 0.54 ኦም አለው። ስለዚህ 5.2 ሜትር፤ ለ45 ሚሊ ሜትር ሲካፈል 116 ዙር። 115 ላይ ወሰንኩ። የመዳቡ ስፋትም ከወፍራሙ ሽቦ 60 ዙር ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ስለሚሆን ቦታ አይጠብም። ሽቦው 14 ዶላር።

5ኛ ሳምንት፦ የባከነ አሥራ አምስት ሜትር

ሦስቱንም ፖል በሁለት ምሽት ጠቀለልኩ። ሽቦውን በግራ እጄ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል በጨርቅ ይዤ፣ አርማቸሩን በቀኝ እያዞርኩ፣ በየአሥር ዙሩ ወረቀት ላይ ሰረዝ እያደረግሁ። ሁሉም ፖል በአንድ አቅጣጫ፤ የአንዱ መጨረሻ ከቀጣዩ መጀመሪያ ጋር አንድ ጆሮ ላይ ይገናኛል። ውጥረቱ ከላላ ዙሮቹ ይተላለፋሉ፤ ከጠበቀ ሽቦው ይሳሳል፣ ኦሙም ይጨምራል።

ከስታኞው በፊት ቴስተሩን በሽቦውና በሻፍቱ መካከል አደረግሁ። ድምፅ ሰጠ። ቦዲ አድርጓል፤ ሽቦው የአርማቸሩን ብረት ነክቷል ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ለአጎቴ ደወልኩ። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ድምፁ ግን የሥራ ጨዋታ ሲመጣ ይነቃል።

«ጋሼ፣ ቦዲ አደረገብኝ።»

«ስንተኛው ዙር ላይ?»

«አላውቅም፣ ጨርሼ ነው የለካሁት።»

«አይ ልጄ! እየጠቀለልክ ነው የሚለካው፤ ቴስተሩ ተሰክቶ ይቀመጣል። ብረቱንስ ምን አለበስከው?»

«የድሮው ወረቀት አለ ብዬ...»

«የድሮው ወረቀት ማዕዘኑ ላይ የለም። እሱን ጥፍርህ ያየዋል፣ ዓይንህ አያየውም። ጥፍርህን አስኪደው።»

ሽቦውን ቆርጬ ጣልኩትና ጥፍሬን በፖሉ ጠርዝ ላይ አስኬድኩ። ሁለት ቦታ ላይ እንደ ምላጭ ይይዛል። የመጀመሪያው ልጅ ሽቦውን ሲያወጣ በካቻቢቴ ፈልቅቆ ወረቀቱን ልጦታል፣ ብረቱንም ሸራርፎታል። ጠርዙን በቀጭን ሊማ አለሰለስኩ፣ አዲስ መከለያ ወረቀት (6 ዶላር) በልኩ ቆርጬ አለበስኩ፣ ማዕዘኖቹን ደግሞ በስሱ ኢፖክሲ ቀባሁ። አንድ ሌሊት ደረቀ።

6ኛ ሳምንት፦ ሁለተኛው ጥቅለላ

የቴስተሩ አንድ ጫፍ ሻፍቱ ላይ፣ ሌላው የሽቦው ጥቅል ጫፍ ላይ ታስሮ ድምፅ እየጠበቀ ጠቀለልኩ። አልጮኸም። 115፣ 115፣ 115።

ስታኞው ላይ ሌላ ነገር ገጠመኝ። የ25 ዋቱ ካውያ አነስተኛ ስለሆነ ደህና ነው ብዬ ነበር። ሽቦውን ለመያዝ ረጅም ጊዜ ስለፈጀ፣ በኋላ የሞተሩን ክዳን ገመድ ስበይድ ሙቀቱ ወደ ፕላስቲኩ ገብቶ የካርቦኑ ማቀፊያ ትንሽ ዘመመ። 60 ዋት ካውያ ከጎረቤት ተዋስኩ፤ ሁለት ሰከንድ ብቻ ነክቶ ይነሳል፣ ፕላስቲኩ ሳይሰማ ሥራው ያልቃል። የዘመመውን ማቀፊያ በሙቅ ውኃ አለስልሼ አቀናሁት። የሁለቱም 36ዲ የካርቦን ሞላ በእርጅናና በሙቀት ላልቷል። አዲስ ሞላና ካርቦን 18 ዶላር።

ንባብ፦ 1.85፣ 1.86፣ 1.85። ቦዲ የለም።

7ኛ ሳምንት፦ ኢፖክሲና ሚዛን

ጥቅሎቹ በፍጥነት ዙር እንዳይበተኑ ኢፖክሲ ይጠጣሉ (8 ዶላር)። ኮሙቴተሩንና ሻፍቱን በቴፕ ጠቅልዬ፣ አርማቸሩን በመብራት አሙቄ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጠብ ጠብ አደረግሁ። ሲሞቅ እንደ ውኃ ይቀጥንና በዙሮቹ መካከል ይሰርጋል። ቶሎ ቶሎ ካልተገላበጠ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል በጣቴ ሳዞረው ቆየሁ። ለምግብ በማንጠቀምበት አሮጌ የዳቦ መጥበሻ ውስጥ በ80 ዲግሪ ሁለት ሰዓት።

ሚዛን፦ ሁለት ምላጮች በሁለት እንጨት ላይ ጎን ለጎን፣ ስለታቸው ወደ ላይ፣ በውኃ ልክ ተስተካክለው። አርማቸሩ በሻፍቱ እነሱ ላይ ሲቀመጥ ከባዱ ፖል ቀስ ብሎ ወደ ታች ይዞራል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም ያው ፖል። በ1 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ የፖሉን ብረት ጫፍ ትንሽ ነካሁ፣ መለስኩ፣ አየሁ። አምስተኛው ንክኪ ላይ የትም ቢቀመጥ እዚያው ቆመ። ከሥራው ሁሉ ይህ ነው የሚጥመኝ፤ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ብረቱ የሚያደርገውን ብቻ ማየት።

በ3 ቮልት አንድ ሰዓት ያለ ጭነት አስሮጥኩት፤ ካርቦኑ በኮሙቴተሩ ቅርጽ ተቀረጸ። በክንዱ 18 ግራም። ያልተነካው ወንድሙ 19 ነው።

8ኛ ሳምንት፦ ተንደርጄቶቹ

እነዚህ ከ1963 ጀምሮ የወጡ በጣም ትንንሽ ሞተሮች ናቸው። አርማቸሩ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ ሻፍቱ ቆሞ ከላይ ያሉትን ጥርሶች ያዞራል፣ ካርቦኖቹ ከሥር ይነኩታል። ሁለቱ 16 ኦም ገደማ አነበቡ፤ ማጽዳት ብቻ በቃቸው። ሦስተኛው ከካርቦኑ ሥር ያለው ስስ ሞላ ተጣሞ ነበር፤ በፒንሳ አቀናሁት።

አንዱን ስገጥም ሁለቱን ማግኔቶች አቀያየርኳቸውና መኪናው ወደ ኋላ ሄደ። አንዱን ብቻ ስገለብጥ ደግሞ እየጮኸ ጭራሽ አልዞረም። አሁን ከማውጣቴ በፊት በቋሚ ቀለም ነጥብ አደርግባቸዋለሁ።

9ኛ ሳምንት፦ ማግኔቱን መሙላት

ፒትማኑን አዛውንቱ ቤት ወሰድኩት። ቤታቸው የሠሩት ማግኔት መሙያ አላቸው፤ ትልልቅ ካፓሲተሮች ተሞልተው በአንድ ቅጽበት በወፍራም ጥቅል ውስጥ ይለቀቃሉ። ሞተሩ ሳይፈታ፣ አርማቸሩ ቦታው ላይ እንዳለ ነው የሚገባው። ከመሙላቱ በፊት በኮምፓስ የማግኔቱን ሰሜንና ደቡብ አረጋገጡ፤ ከተገለበጠ ሞተሩ በተቃራኒ ይዞራል። ጠብ የሚል አንድ ድምፅ ብቻ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ብሎኖች ዘለሉ።

ያለ ጭነት 0.34 አምፒር። ድምፁ እንደ መጀመሪያው ወፈረ። በክንዱ 12 ግራም፤ ከ7።

ገንዘብ አልቀበልም አሉ። አንድ ፓውንድ ባለቤቴ የቆላችው ቡና ሰጠኋቸው።

ለ36ዲው የዚያው ዘመን ሻሲ በ22 ዶላር አገኘሁ። እስካሁን በጠቅላላው 165 ዶላር ወጥቷል።

10ኛ ሳምንት፦ ትራክ

ፒትማኑን በብራሱ ሻሲ አስቀደምኩ። ከመታጠፊያ ሲወጣ ይጎትታል፤ ሠላሳ ዙር ሄዶ ሞተሩ ለብ ያለ ብቻ ነው። የፒኞኑና የኮሮናው (የሞተሩ ትንሹና የጎማው ትልቁ) ጥርስ ግን ጠብቆ ስለተገጠመ ይጮኻል፤ በመካከላቸው ቀጭን ወረቀት አስገብቼ እንደገና ማራራቅ አለብኝ።

36ዲው አርባ ዙር ሄደ። መጀመሪያ ላይ ቀጥ ባለው መንገድ መጨረሻ ላይ ትንሽ ብልጭታ ነበር፣ ከአሥር ዙር በኋላ ጠፋ። ቤት ስመለስ ከፍቼ ለካሁት፦ 1.85፣ 1.86፣ 1.85። ኢፖክሲው አልተሰነጠቀም፣ ከኮሙቴተሩ የተወረወረ ስታኞ የለም፣ መዳቡ ላይ ያለው መስመር ቡናማና ለስላሳ ነው። ዘምሞ ያቀናሁት ማቀፊያ ግን በደንብ ስላልቀና ካርቦኑ በአንድ ወገን ብቻ እየነካ ነው፤ እሱን ዛሬ ማታ እንደገና አቀናዋለሁ።